ውሻ እንውሰድ ወይስ ይቅርብን? ግቢ አለን፣ ጠዋት ግን ቤቱ ባዶ ነው

ሰላማዊት_ጎሮ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ናችሁ? ውሻ ለመውሰድ እያሰብን ነው። ከመወሰናችን በፊት ነገሩን የምታውቁ ሰዎች ብትመክሩን ብዬ ነው።

ቤታችን 200 ካሬ ላይ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ወደ 70 ካሬ የሚሆነው ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ ነው። አጥሩ ብሎኬት ሆኖ ቁመቱ 1 ሜትር ከ60 ነው። የ9 ዓመት ሴትና የ5 ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። እኔና ባለቤቴ ጠዋት 1፡30 እንወጣና ማታ 12 ሰዓት እንገባለን። ሠራተኛችን ተመላላሽ ናት፣ 7 ሰዓት ላይ ትመጣለች፤ ልጆቹ 9፡30 ይገባሉ። ባለቤቴ ለጥበቃ ጀርመን ሸፐርድ ይሁን ይላል። ልጆቹ ደግሞ ትንሽ ነጭ ጸጉራም ውሻ ነው የሚሉት። አጽዋማቱን ሁሉ እንጾማለን፣ ይህም ከምግቡ ጋር ይያያዝ እንደሆነ ንገሩኝ።

ይበጀናል ወይ? ከበጀንስ የቱ? ወጪውስ እንዴት ይሰላል?

---

የእንስሳት_ሐኪም_ቢሾፍቱ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

እህቴ፣ የውሻውን ዓይነት ለጊዜው ተዪውና ከጠዋቱ 1፡30 እስከ 7 ሰዓት ያለውን ጊዜ እንይ። አምስት ሰዓት ተኩል ቤቱ ባዶ ነው። የሁለት ወር ቡችላ በቀን አራት ጊዜ ይበላል፣ ሽንቱን ደግሞ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ያህል ነው የሚይዘው። እንዲህ ያለ ቡችላ ባዶ ግቢ ውስጥ ብቻውን ሲውል ያለቅሳል፣ ያገኘውን ያኝካል፣ በራሱ ኩስ ላይ ይተኛል። ከሦስት ሳምንት እስከ 14 ሳምንት ያለው ዕድሜ ከሰው፣ ከልጅ፣ ከመኪና ድምፅ ጋር የሚለማመድበት ነው። ያ ጊዜ ብቻውን ካለፈበት ሲያድግ ወይ ፈሪ ወይ ተናካሽ ይሆናል፣ በኋላ ማስተካከሉም ከባድ ነው።

ስለዚህ መልሴ፦ አሁን ባላችሁበት ሁኔታ ቡችላ አይበጃችሁም። ዕድሜው ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ የሆነ፣ ጠባዩ የታወቀ፣ ከልጅ ጋር የኖረ ውሻ ግን ሊበጃችሁ ይችላል። ቡችላ ካልሆነ አይሆንም የምትሉ ከሆነ ክረምቱን ጠብቁ። ልጆቹ ትምህርት በሚዘጉበት ጊዜ የአንዳችሁን የዓመት ፈቃድ ደርባችሁ፣ ሠራተኛዋም ጠዋት እንድትገባ አድርጋችሁ ጀምሩ።

ሌላው ዕድሜው ነው። ጀርመን ሸፐርድ ከ9 እስከ 13 ዓመት ይኖራል፣ ትናንሾቹ ከዚያም በላይ። የ5 ዓመቱ ልጅሽ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ውሻው ምናልባት አብሯችሁ ነው። ሥራ የመቀየር፣ ወደ ኮንዶሚኒየም የመግባት፣ ውጭ አገር የመሄድ ሐሳብ ካላችሁ ዛሬውኑ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት።

---

አሠልጣኙ_ገርጂ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡10

ዶክተር ያሉት ትክክል ነው። እኔ የባለቤትሽን ሐሳብ ልመልስ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው ውሻ የሚወስደው ለጥበቃ ነውና።

ቤት የሚጠብቀው የውሻው ጩኸት ነው። ሌባ የሚፈልገው ጸጥ ያለ ግቢ ነው፤ ለመጮህ ደግሞ 18 ኪሎ የአበሻ ውሻም ይበቃል። ጀርመን ሸፐርድ ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይደርሳል፣ በቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል ያላነሰ እንቅስቃሴና ጭንቅላቱን የሚያሠራ ነገር ይፈልጋል። ያንን ካላገኘ ግቢውን መዞር፣ ጭራውን ማሳደድ፣ በር ላይ መዝለል ይጀምራል። 1 ሜትር ከ60 አጥር ደግሞ አያግደውም። ጀርመን ሸፐርድ ልታመጡ ከሆነ አጥሩን በሽቦ ወንፊት 2 ሜትር አድርሱት፤ የበሩ ሥርም ከ10 ሳንቲ ሜትር በላይ ክፍተት አይኑረው፣ ጭንቅላቱ ካለፈ ገላው ያልፋል።

ቀን በሰንሰለት አስሮ ማታ መልቀቅ የሚባለውን ልማድ ደግሞ አትጀምሩት። ታስሮ የሚውል ውሻ መሸሽ እንደማይችል ስለሚያውቅ የቀረበውን ሁሉ መንከስ ይማራል። መጀመሪያ የሚነክሰው ሌባውን ሳይሆን ውሃ ሊያቀርብ የሄደውን ሰው ወይም ኳሱን ሊያነሳ የተጠጋውን ልጅ ነው። እንግዳ ሲመጣ የሚገባበት ቦታ ከፈለጋችሁ ከግቢው ጥግ 3 በ4 ሜትር በወንፊት ከልሉለት። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ይሁን፤ ወደ ውጭ ከሆነ ገፍቶት ያመልጣል።

ጆሮውን በመቁረጥ ወይም በመምታት "ኃይለኛ" አደርገዋለሁ የሚል ሰው ቢመጣ አትስሙት። የተመታ ውሻ እጅ ሲነሣበት ይነክሳል፣ ልጆች ደግሞ እጃቸውን ሁልጊዜ እንዳነሡ ነው።

---

ኮንዶ_4ኛ_ፎቅ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡15

በዚሁ ልጠይቅ። ግቢ የሌለን፣ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ያለን ሰዎችስ? ጨርሶ አይሆንም ማለት ነው?

---

አሠልጣኙ_ገርጂ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡00

ይሆናል፣ ግን ከ8 ኪሎ የማይበልጥና ጎልማሳ ውሻ። መጀመሪያ የማኅበራችሁን መተዳደሪያ ደንብ አንብብ፣ ከኮሚቴው ጋር ተነጋግረህ ስምምነቱን በጽሑፍ ያዝ። ቀጥለህ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ያሉትን ጎረቤቶች ጠይቅ። ብዙ ውሻ ከኮንዶሚኒየም የሚባረረው በጩኸት ነው፤ የሚጮኸው ደግሞ ብቻውን ሲቀር ነው። ጎረቤት ሲነግርህ ብቻ ነው የምታውቀው፣ ስለዚህ እንዲነግሩህ አስቀድመህ ለምናቸው።

በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ አራት ፎቅ ወርዶ መውጣት አለ። ሊፍት ስለሌለ ቡችላ ከሆነ ደረጃውን ተሸክመህ ነው፣ መገጣጠሚያው አልጠነከረም። በረንዳ ላይ እንዲሸና ማስለመድ ግን አይታሰብ፣ ታች የተሰጣ ልብስ ላይ ይፈስሳል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ለሱ ብቻ የሚሆን 20 ሊትር ጀሪካን ሞልተህ አስቀምጥ።

---

ቄራ_ሰፈር — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡30

ወደ ምግቡ ልግባ፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ውሻ የሚጎዳው።

የቤት ፍርፋሪ ይበቃዋል የሚባለው ለኛ አገር ማዕድ አይሠራም። ወጣችን ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፣ መቁላላቱ ወይም መድረቁ ምንም አይቀንስለትም። ውሻ በኪሎው ከ15 እስከ 30 ግራም ሽንኩርት ከበላ ለጉዳት ይበቃል። ለ20 ኪሎ ውሻ 300 ግራም ማለት ነው፤ ጥቂት ጥቂቱም በየቀኑ ሲደጋገም ይጠራቀማል። ምልክቱ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ዘግይቶ ስለሚመጣ ሰው ከወጡ ጋር አያያይዘውም፦ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ቡናማ ይሆናል፣ ውሻው ቆሞ መሄድ ያቅተዋል። የወጥ ድስት ለውሻ ማስላስ ይቁም።

የዶሮ አጥንት ከበሰለ በኋላ እንደ ስንጥር ነው የሚሰበረው፣ አንጀት ይበሳል። የበዓል ማግስት ክሊኒክ ከሚመጡት ብዙዎቹ በዚሁ ነው። ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው።

ለ20 ኪሎ ጎልማሳ ውሻ የአንድ ቀን ምግብ እንዲህ ይሠራል። 350 ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ተቀቅሎ ወደ 250 ግራም ይወርዳል። 120 ግራም ሩዝ ሲበስል 350 ግራም ይሆናል። አንድ መካከለኛ ካሮት ጨምሩ። ሥጋ ካልሲየሙ በጣም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ታጥቦ የደረቀ የእንቁላል ቅርፊት እንደ ዱቄት ተወቅጦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይነስነስበት። በሳምንት ሁለት ቀን ከሥጋው 30 ግራሙን በተቀቀለ ጉበት ለውጡት። ሁለት ቦታ ተከፍሎ ጠዋትና ማታ ይሰጠዋል። በወር አሥር ኪሎ ተኩል ሥጋ፣ ሦስት ኪሎ ተኩል ገደማ ሩዝ ነው። ዋጋውን በሰፈራችሁ ሥጋ ቤት አስሉት፤ ስብና ጅማት የበዛበት ቅንጥብጣቢ ይረክሳል፣ ስቡን ግን አንሡለት። 35 ኪሎ ጀርመን ሸፐርድ ከሆነ ሁሉንም በአንድ ተኩል አባዙት።

---

ሰላማዊት_ጎሮ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20

እግዚአብሔር ይስጥልን። ቄራ ሰፈር፣ ጾሙንስ እንዴት እናድርገው? በሁዳዴ ሰፈራችን ያለው ሥጋ ቤት ይዘጋል፣ ሠራተኛዋም በጾም ሥጋ መንካት አትፈልግም።

---

ቄራ_ሰፈር — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አብዛኛው ሰው ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው የሚያስበው። 55 ቀን እንጀራና ሽሮ የበላ ውሻ ጡንቻው ይቀልጣል፣ ጸጉሩ ይረግፋል። ሽሮው ራሱም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አለበት።

ቀላሉ መንገድ ደረቅ የከረጢት ምግብ ነው። 20 ኪሎ ውሻ በቀን 300 ግራም ገደማ ይበላል፤ ለ55 ቀን 16 ኪሎ ተኩል ማለት ነው፣ ስለዚህ አንድ የ15 ኪሎ ከረጢት አይበቃም። ከቅበላው አሥር ቀን ቀደም ብላችሁ ጀምሩት፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሩቡን፣ ከዚያ ግማሹን፣ ከዚያ ሦስት ሩቡን እያደባለቃችሁ። በአንድ ቀን ከቀየራችሁት ያስቀምጠዋል። ለሱ ብቻ የሚሆን ድስት፣ ቢላና ሳህን ይኑር፤ ያኔ ሠራተኛዋም አትቸገርም፣ የጾም ዕቃም አይነካካም። ከረጢቱን ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ አስቀምጡ፣ አይጥ ከገባበት የሽንቱ ጣጣ ለውሻውም ለቤተሰቡም ይተርፋል።

---

የእንስሳት_ሐኪም_ቢሾፍቱ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ስለ በዓል ከተነሣ ይህን ሁሉም ሰው ይስማ። በግ ስናርድ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት እናገኛለን፤ ያንን ቆርጦ ለውሻ መወርወር የተለመደ ነው። ያ ከረጢት የኮሶ ትል ዕጭ ነው። ውሻው ሲበላው አንጀቱ ውስጥ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ የማትሞላ ትል ትሆናለች፣ በሰባት ሳምንት ገደማ እንቁላሏ በኩሱ መውጣት ይጀምራል። ልጅ ውሻውን ዳብሶ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ እንቁላሉን ይውጠዋል፤ ያው ከረጢት ልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ለዓመታት እያደገ ይቆያል፣ ብዙ ጊዜ በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። ውሻው ግን ምንም ሕመም አይታይበትም።

ስለዚህ ጥሬ የሆድ ዕቃ ለውሻ አይሰጥም። ከረጢት ያለበት ሳንባና ጉበት ውሻ ቆፍሮ በማያወጣበት ጥልቀት ይቀበር ወይም ይቃጠል። ለኮሶ የሚሠራው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው፣ በኪሎ 5 ሚሊ ግራም። ሌሎቹ የወስፋት መድኃኒቶች ብቻቸውን ይህችን ትል አያጠፏትም፤ ስትገዙ ስሙን አንብቡ። ለጎልማሳ ውሻ በየሦስት ወሩ፣ ጥሬ የሚያገኝ ከሆነ በየስድስት ሳምንቱ።

አሁን ወደ ክትባት። ቡችላ በ8፣ በ12 እና በ16 ሳምንቱ ቡችላ የሚገድሉትን የፓርቮና የዲስቴምፐር በሽታዎች የሚከላከል ጥምር ክትባት ይወስዳል። የሬቢስን (የእብድ ውሻ በሽታን) ክትባት በ12 ሳምንቱ፣ ከዚያ ዓመት ሲሞላው፣ ከዚያም በየዓመቱ። ክሊኒክ ስትሄዱ ሦስት ነገር ተመልከቱ፦

ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ ጠይቁ፤ በግልጽ የማይመልስ ክሊኒክ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

ጥምር ክትባቱ ደረቅ ዱቄትና ፈሳሽ ሆኖ ነው የሚመጣው። እናንተ እያያችሁ ይቀላቀል። ጠዋት ተቀላቅሎ ከሰዓት የሚወጋ ክትባት ዋጋ የለውም።

የብልቃጡ ተለጣፊ ወረቀት፣ የምርት ቁጥሩና የማብቂያ ቀኑ ያለበት፣ ደብተሩ ላይ ይለጠፍ። "ተከትቧል" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ግቢያችሁ ውስጥ ከዚህ በፊት ቡችላ በደም ተቅማጥ ሞቶ ከነበረ ንገሩኝ። የፓርቮ ቫይረስ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያል። ሲሚንቶውን መጀመሪያ በሳሙና አጥቦ፣ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውሃ በጥብጦ አሥር ደቂቃ ማቆየት ይገድለዋል። አፈሩ ላይ ግን በረኪና ብዙም አይሠራም።

---

ኡሙ_ሐናን — ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡40

እህቴ ሰላማዊት፣ የጎረቤትን ነገር ማንም አላነሣም። ግድግዳ የምትጋሩት ጎረቤት ሙስሊም ከሆነ ከማምጣትሽ በፊት አማክሪያቸው። በእኛ ዘንድ ለከብት ጥበቃ፣ ለአደንና ለእርሻ ውሻ መያዝ ይፈቀዳል፤ ብዙ ዑለማ የቤት ጥበቃንም ከዚያው ያያሉ። ምራቁ ግን በሻፊዒ መዝሀብ ነጃሳ (ርኩስ) ነው፤ የነካው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ውሻው በጋራ አጥር ሥር እየሾለከ ለሶላት የተዘጋጀ ሰው ልብስ ቢልስ ለጎረቤትሽ ትልቅ ጣጣ ነው። የአጥሩን ሥር መድፈን፣ ለመጀመሪያው ወር ውሻውን ከነሱ በር ማራቅ፣ ይኼው ነው። በጉርብትና ቅሬታ የሚሆነው ሳይነገራቸው ሲያዩት ነው።

---

ሕግ_አዋቂ — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

ባለቤትሽ ይህን ያንብብ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 እንደሚለው እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው። እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። "ውሻ አለ ተጠንቀቁ" የሚል ጽሑፍ በር ላይ መለጠፍ ጥሩ ነው፣ ከዕዳ ግን ነፃ አያወጣም። የክትባት ደብተሩን በጥንቃቄ ያዙ፤ የተነከሰ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው።

---

የሸገር_ውሾች — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ለሰላማዊት ቤት ያለኝ ምክር የአበሻ ውሻ ነው፣ ሁለት ዓመት ገደማ የሆናት ሴት፣ የመከነች። የአዲስ አበባን ብርድ ትችላለች፣ አጭር ጸጉሯ መዥገር ለማየት ይመቻል፣ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ስለምትሆን የ9 ዓመቷ ልጅ ከአዋቂ ጋር ሆና ልትመራት ትችላለች። ነጩ ጸጉራም ማልቲዝ 3 ወይም 4 ኪሎ ነው፤ የ5 ዓመት ልጅ አንሥቶ ከጣለው እግሩ ይሰበራል። ጸጉሩ በየቀኑ ካልተበጠረ ከሥሩ ይተበተብና ቆዳው ይቆስላል። የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊትም ውጭ አያድርም።

ሴት ውሻን ሰው የሚፈራው በመውለዷ ነው። ካልመከነች በየስድስት ወሩ ገደማ ለሦስት ሳምንት ወንድ ትፈልጋለች፣ የሰፈሩ ወንድ ውሻ ሁሉ በር ላይ ያድራል፣ ካረገዘች በ63 ቀኗ ትወልዳለች። ማምከን ይህን ሁሉ ይዘጋል።

የምትወስዱበትን ቦታ በተመለከተ፦ መንገድ ዳር በካርቶን ከሚሸጥ ቡችላ ራቁ። "ሁለት ወር ሞልቶታል" ሲሏችሁ አፉን ክፈቱ። የሁለት ወር ቡችላ 28ቱም የወተት ጥርሶች ወጥተውለታል፤ ከክራንቻዎቹ ኋላ በእያንዳንዱ ጎን፣ ከላይም ከታችም ሦስት ሦስት መንጋጋዎች ይቆጠራሉ። የፊቶቹና ክራንቻዎቹ ብቻ ወጥተው ከኋላ ድዱ ባዶ ከሆነ የአንድ ወር ገደማ ነው፣ ከእናቱ ያለጊዜው ተነጥሏል። ድዱን በጣት ተጭናችሁ ልቀቁ፤ ነጣ ብሎ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ጀርባው ከስቶ ሆዱ እንደ ከበሮ ከተነፋ ወስፋት ነው። መቀመጫውን አይታችሁ ከቆሸሸ ተዉት።

---

አሠልጣኙ_ገርጂ — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡30

በአበሻ ውሻው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ግን ልጨምር። ጎዳና ላይ ያደገ ጎልማሳ ሁሉ ለልጅ አይሆንም። ከመውሰዳችሁ በፊት ባለበት ቦታ ሦስት ጊዜ እዩት፣ አንዱን ጊዜ ከልጆቹ ጋር። እየበላ ሳለ አዋቂ ሰው በሁለት ሜትር ርቀት ይለፍ፤ ቀና ብሎ አይቶ መብላቱን ከቀጠለ ጥሩ። ሰውነቱ ከደረቀ፣ አንገቱን ሳህኑ ላይ ደፍቶ ዓይኑን ብቻ ወደ ጎን ካዞረ፣ ወይም ካጉረመረመ ለ5 ዓመት ልጅ ቤት አይሆንም። የጠባዩ ምርመራ ይህ ብቻ አይደለም፣ ግን ከሁሉ ቶሎ የሚያሳየው እሱ ነው።

ለልጆቹ ሦስት ሕግ ይበቃል፦ ሲበላ አይነካም፣ ሲተኛ አይነካም፣ አዋቂ ከሌለ ብቻቸውን አይሆኑም። ሦስተኛውን የሚጠብቁት እናንተ ናችሁ። ሠራተኛዋ ወጥ ቤት ሆና ልጁ ግቢ ከሆነ አዋቂ አለ አይባልም፤ ያኔ ውሻው ክልሉ ውስጥ ይግባ።

---

አንድ_አባት — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡20

ውሻው ተከትቦም ልጁን ቢነክሰውስ? ጸበል ወይም ባህል ሐኪም ይበቃል የሚሉ አሉ።

---

የእንስሳት_ሐኪም_ቢሾፍቱ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጸሎቱ ይቀጥል፣ ሕክምናው ግን በዚያው ሰዓት ይጀመር። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለም፤ ጊዜ ያለው ከንክሻው እስከ ምልክቱ ባለው መሃል ነው።

ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ። የሰዓት ማንቂያ ሙሉ፣ ያለ ሰዓት ሲሆን ሰው ሁለት ደቂቃ አጥቦ ይተዋል። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ናፍጣ አይደረግበትም። ቀጥታ ጤና ተቋም ሂዱ። የሰው ክትባቱ በዕለቱ ተጀምሮ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው ቀን ይቀጥላል፣ አንዳንዴም በ28ኛው። ንክሻው ፊት ወይም እጅ ላይ ከሆነ ወደ አንጎል ቅርብ ስለሆነ ወይም ነርቭ ስለሚበዛበት ይበልጥ ያስቸኩላል፤ ትንሽ ልጅ ደግሞ በቁመቱ ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ፊቱን ነው የሚነከሰው።

ውሻውን አትግደሉት። አስራችሁ 10 ቀን ተከታተሉ። ሲነክስ በምራቁ ቫይረሱ የነበረ ውሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታል፤ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ የልጁን ክትባት ሊያቆመው ይችላል። አጠራጣሪ ውሻ ከሞተ ጭንቅላቱ ለምርመራ ስለሚፈለግ በድንጋይ አይመታ።

በነገራችን ላይ የቤት ውሻችሁን ማታ መንገድ ላይ አትልቀቁ። መኪና አለ፣ መርዝ ያለበት ሥጋ አለ፣ በከተማው ዳር ደግሞ ጅብ አለ። ያልተከተበ ውሻ የሚነክሰውም እዚያ ነው።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 5፡10

ዲቪ የሞላችሁ ወይም ወደ ቤተሰብ የመምጣት ጉዳይ የያዛችሁ ካላችሁ ይህን እወቁ። አሜሪካ ኢትዮጵያን የውሻ ሬቢስ ስጋቱ ከፍተኛ ነው ብላ ከምትመድባቸው አገሮች ጋር ነው የምታስቀምጣት። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ውሻው ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ ከክትባቱ በፊት ማይክሮቺፕ (ከቆዳ ሥር የሚገባ መለያ) የገባለት መሆን አለበት፤ የደም ምርመራ ከሌለው ሲገባ 28 ቀን ለይቶ ማቆያ አለ። ወደ አውሮፓ ኅብረት ደግሞ ማይክሮቺፕ፣ ከዚያ ክትባት፣ ከ30 ቀን በኋላ የደም ምርመራ፣ ደሙ ከተቀዳ በኋላ ሦስት ወር መጠበቅ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። የመሄድ ሐሳብ ካላችሁ ማይክሮቺፑን ከመጀመሪያው የሬቢስ ክትባት በፊት አስገቡለት።

---

ሰላማዊት_ጎሮ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልን። ትናንት ማታ ከባለቤቴ ጋር ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብነው። ቡችላም ጀርመን ሸፐርድም ቀርቷል። አሁን አንወስድም፤ መጀመሪያ የአጥሩን ሥር አስደፍነን ክልሉን እናሠራለን፣ ሠራተኛዋ ጠዋት 2 ሰዓት እንድትገባ ተነጋግረናል፣ ጎረቤቶቻችንንም ቅዳሜ እናያቸዋለን። እነዚህ ከተሳኩ የመከነች ጎልማሳ የአበሻ ውሻ እንፈልጋለን። ካልተሳኩ ይቀራል፣ ለልጆቹም እንዲሁ ነው የነገርናቸው።

ሁለት ነገር ቀረኝ። ቤቷን በቆርቆሮ ብናሠራው ምን ይላል? መዥገርስ ለከብት የሚረጨውን መጠቀም ይቻላል?

---

የሸገር_ውሾች — ዓርብ፣ ከምሽቱ 2፡15

ቆርቆሮው ለጣሪያ ብቻ ይሁን፣ ከሥሩም ጣውላ ይኑረው። ግድግዳው ቆርቆሮ ከሆነ ቀን 6 ሰዓት ላይ ምድጃ፣ ሌሊት በረዶ ነው። ለ20 ኪሎ ውሻ ውስጡ 90 በ60፣ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ከዚህ ካሰፋችሁት ገላዋ አያሞቀውም። ወለሉን ከሲሚንቶው 12 ሳንቲ ሜትር አንሡት፣ በክረምት ጎርፍ ሥሩን ይለፍ። በሩ ነፋስ ከሚመጣበት በተቃራኒ ይሁን። ጣሪያው እንዲነሣ በማጠፊያ ግጠሙት፣ ቁንጫ የሚራባው ጥጉ ላይ ስለሆነ በየሳምንቱ ጠርጎ ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ማስጣት ያስፈልጋል።

---

የእንስሳት_ሐኪም_ቢሾፍቱ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡05

የከብቱን አትንኩት። ለከብት የሚበጠበጠው ውሻው ሲልሰው ይመርዘዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል። አይቨርሜክቲን የሚባለውን የጥገኛ ተባይ መድኃኒት የሚወጉም አሉ፤ የከብቱ መርፌ በአንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ስለሆነ ለ15 ኪሎ ውሻ ጥቂት ጠብታ ስሕተት ብዙ ነው። ኮሊ የሚባለው ዝርያና ከሱ ዘር የተደባለቁ ውሾች ደግሞ በትንሹም ራሳቸውን ይስታሉ። ለውሻ ተብሎ የተሠራ፣ በክብደቷ የተመረጠ ጠብታ ወይም ክኒን ከክሊኒክ ውሰዱ፤ ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ክብደቷን እወቁ። እሷን አቅፈሽ ሚዛን ላይ ውጪ፣ ከዚያ ብቻሽን ውጪ፣ ልዩነቱን ጻፊ።

መዥገር ስታገኙ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ፣ በጣት አታፍርጡት። ጆሮዋ ውስጥ፣ ጣቶቿ መካከልና አንገት ማሰሪያው ሥር ነው የሚደበቀው። ልትወስዷት የምታስቧትን ውሻ ስታገኙ ከመክፈላችሁ በፊት የክትባት ደብተሯን ፎቶ አንሥታችሁ እዚህ ለጥፉት፣ ተለጣፊዎቹንና ቀኖቹን አብረን እናያለን።